አንድ ሳንቲ ሜትር በር
ስለ ወተት ላሞች የጡት በሽታ ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር



አንዳንዶቻችሁ ከበረት በቀጥታ እንደመጣችሁ ጫማችሁ ይናገራል። ሌሎቻችሁ ከወተት ጋር ያላችሁ ዝምድና ከማኪያቶ ብርጭቆ አያልፍም። ዛሬ የማወራው ለሁላችሁም ነው። ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ጥቁር ሳህን የጌጥ ዕቃ አይደለም፤ ኋላ እመለስበታለሁ። በመጀመሪያ ወደ አንድ ግቢ ልውሰዳችሁ።

ከዓመታት በፊት ነው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች መንደር ገና ጎህ ሳይቀድ ተጠርቼ ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በረቱ በር ላይ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ቆመዋል። ሁለት ላሞች ነበሯቸው። የታመመችው ቡሬ የምትባለው ክልስ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከወለደች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው።

«ልጄ፣ ዓይን ነው» አሉኝ። «ትናንት አንዱ መጣና ‹ኧረ ይቺስ ምንጭ ናት እንጂ ላም አይደለችም› ብሎ ሄደ። ሲነጋ ይኸው።»

«እማማ፣ እስቲ ይያዙልኝና ልያት» አልኳቸው።

የቀኝ የኋላ ጡቷ ያለበት በኩል አብጧል። እጄን ሳስጠጋ ሙቀቱ ሳልነካው ተሰማኝ። ስነካው ጠንክሯል፤ ቡሬም እግሯን አነሳችብኝ። እንደምንም ብዬ ጥቂት አለብኩና በጥቁር ሳህን ተቀበልኩት። የወጣው ወተት አልነበረም፤ አጓት ነው ብል ይቀላል። በአጓቱ ላይ እንደ ተፈረፈረ አይብ ያለ ነጫጭ ነገር ይንሳፈፋል። ሌሎቹ ሦስት ጡቶች ግን ያማረ ወተት ሰጡ።

እማማ ካሉት ውስጥ ከግማሽ በላዩ እውነት ነበር። ከውጭ የመጣ ነገር ገብቶባታል። ጤነኛ የነበረች ላም በአንድ ሌሊት እንዲህ የምትሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የገባው በዓይን አይደለም፣ በእጅ ነው። እጁም የእንግዳው አልነበረም።

ይህ «ገባ» የሚለው ቃል የዛሬው ንግግሬ ዋና ነገር ነው። በየት ገባ? ማን ገባ? ከገባስ በኋላ ምን አደረገ?

በየት ከሚለው ልጀምር። ግት ስል ከሆዷ ሥር የተንጠለጠለውን ሙሉ ከረጢት፣ ጡት ስል ደግሞ አላቢ የሚጨብጣቸውን አራቱን ማለቴ ነው። ግት ከውጭ ሲታይ አንድ ነው። ውስጡ ግን አራት ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በየራሱ ግድግዳና በየራሱ በር እንደሚኖርበት ቤት ነው። የአንዱ ክፍል ወተት ወደ ሌላው አያልፍም። ቡሬ በአንዱ ጡቷ አጓት፣ በሦስቱ ወተት የሰጠችው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱ የኋላ ክፍሎች ከጠቅላላው ወተት 60 በመቶ ያህሉን ስለሚሰጡ፣ ከእነሱ አንዱ ሲታመም ጉዳቱ ከሩብ በላይ ነው። አንድ ሊትር ወተት ለመሥራት ከ400 እስከ 500 ሊትር ደም በግቷ ውስጥ ማለፍ አለበት። ላም ቆማ ስታመሰኳ ሥራ የፈታች የሚመስላቸው ይህን ያላወቁ ናቸው።

በእያንዳንዱ ጡት ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠባብ ቦይ አለ። በሩ ይኸው ነው። ዙሪያውን የከበበው ጡንቻ እንደ ከረጢት አፍ ማሰሪያ ይቋጥረዋል። የውስጡ ግድግዳ ደግሞ ኬራቲን በሚባል፣ ከጥፍራችንና ከፀጉራችን ወገን በሆነ ሰም መሰል ነገር ተለስኗል። ለመግባት የሞከረ ተሕዋስ እዚህ ሰም ላይ ይጣበቅና በሚቀጥለው ማለቢያ ከመጀመሪያው ወተት ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ሰሙም በየጊዜው ይታደሳል። እንዲህ ያለ ቀላልና ጥሩ አጥር በሰው እጅ ሲሠራ አላየሁም።

ችግሩ በሩ ለወተት ሲከፈት ለሌላውም መከፈቱ ነው። ላም ታልባ እንዳበቃች ጡንቻው ወዲያው አይኮማተርም፤ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስድበታል። በዚህ መሃል ላሟ እበት ላይ ብትተኛ የተከፈተው በር እበቱ ላይ አረፈ ማለት ነው። እንደታለበች ድርቆሽ ወይም ፉርሽካ የሚቀርብላት ለምርቃት አይደለም፤ ቆማ እንድትቆይ ነው። ምክንያቱን ሳያውቁ ይህን የሚያደርጉ አባቶችን አይቻለሁ። ከታለበች በኋላ ወደ ጭቃ የሚነዷትንም አይቻለሁ።

በሩ ሊበላሽም ይችላል። በቸኮለ እጅ በጥፍር የሚቆነጠጥ፣ ቁልቁል እየተጎተተ የሚታለብ ጡት ጫፉ ይሻክራል፣ ይሰነጣጠቃል። እኛ አገር ደግሞ መዥገር አለ። አምብሊዮማ የሚባለው ባለ ረጅም አፍ መዥገር ግት ላይ መለጠፍ ይወዳል። ነክሶ የተወው ቁስል ለመግል አምጪ ተሕዋስ ማደሪያ ይሆናል። በመዥገር ምክንያት አንድ ወይም ሁለት ጡቷ የደረቀ ላም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

አሁን ማን ገባ ወደሚለው ልሻገር። በ1887 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ ናቸው) ኤድሞን ኖካርና ሞለሮ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የወተት ላሞች የጡት በሽታ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እንደሚተላለፍ ጽፈው፣ በታመመው ወተት ውስጥ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰካክቶ የሚታይ ባክቴሪያ እንዳገኙ አስታወቁ። ይህ ባክቴሪያ ዛሬ ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲያ ይባላል። «አጋላክቲያ» በግሪክኛ ወተት አልባ እንደማለት ነው፤ ስሙ ራሱ ክስ ነው። በ1933 ሬቤካ ላንስፊልድ የተባለች አሜሪካዊት ሳይንቲስት የስትሬፕቶኮከስን ቤተሰብ በፊደል ስትመድብ ይህኛው ምድብ «ቢ» ሆነ። የዚሁ ምድብ ተሕዋስ ከአራስ ሕፃናት ሐኪሞች ጋርም ይተዋወቃል።

ዛሬ የላምን ጡት እንደሚያሳምሙ የታወቁት ተሕዋሲያን ከመቶ በላይ ናቸው። ሁሉንም ብጠራ እራታችሁ ይበርዳል። በጠባያቸው ግን ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ኑሮው እዚያው ግት ውስጥና ጡት ቆዳ ላይ ነው። ከላም ወደ ላም የሚሄደው በአብዛኛው ሲታለቡ ነው፣ ተሳፍሮ፤ መጓጓዣው የአላቢው እጅ፣ ጨርቁ፣ ማሽን ባለበትም የማሽኑ ጎማ ነው። ሁለተኛው ወገን እበቱ፣ ጭቃው፣ ያረጀው ጉዝጓዝ ውስጥ ይኖራል። ላሟን አይፈልጋትም፤ እሷ ራሷ ትተኛበታለች።

ከመጀመሪያው ወገን አንዱን ቀረብ ብለን እንየው፤ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስን፣ በአጭሩ ስታፍን። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የወይን ዘለላ ይመስላል። በእጃችን ቁስል፣ በአፍንጫችን፣ በላሟ ጡት ስንጥቅ ላይ ይኖራል። በሩን አልፎ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ወተት እንዳያጥበው ከወተት ሠሪው ሕዋስ ግድግዳ ጋር መጣበቅ ነው። ከዚያ መርዝ ይረጫል፤ መርዙ የሕዋሱን ሽፋን ይበሳል። በተበሳው በኩል ወደ ውስጥ ዘልቆ ይሰፍራል። የላሟ አካል ሊያጠፋው ይዘምታል፤ ሊያስወጣው ሳይችል ሲቀር ዙሪያውን በጠባሳ ያጥረዋል። ይህ ለእኛ እንደ ድል ይመስላል፤ ለስታፍ ግን ምሽግ ሆነለት። በደም የሚመጣው መድኃኒት በጠባሳው ውስጥ በደንብ አያልፍም። በመርፌ ብትወጉ፣ በጡት ብትከቱ፣ እሱ ግድግዳው ውስጥ ተኝቷል። ከነጭ የደም ሕዋስ ሆድ ውስጥ ተውጦ እንኳ ሳይሞት የሚቆይበት ጊዜ አለ። አንድ ሳምንት በወተት ይወጣል፣ ሌላ ሳምንት ይሰወራል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ተመርምሮ «የለም» ቢባል አትመኑ። ላሟ ድና የነበረች ይመስላል፣ ከወር በኋላ ያው ጡት ያው ቦታ ይጠጥራል። በዕድሜ የገፋች፣ ሁለትና ሦስት ጡቷ በስታፍ የተያዘ ላም ብዙ ጊዜ አትድንም። ይህን ለባለቤቷ መናገር ከሥራዬ ሁሉ ይከብደኛል፤ መድኃኒት እየሸጡ ዝም ከማለት ግን ይሻላል።

የሁለተኛው ወገን አለቃ ኮላይ ነው፤ ሙሉ ስሙ ኤሸሪኪያ ኮላይ፣ መኖሪያው አንጀትና እበት። እሱ ምሽግ መሥራት አያውቅም። ወተት ውስጥ ከገባ በጥሩ ሁኔታ በየሃያ ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። እስቲ አስሉት፦ ማታ አንድ የነበረ በአምስት ሰዓት ውስጥ ከሠላሳ ሺህ በላይ ነው። አደጋው ደግሞ በሞቱም ነው። የኮላይ ውጫዊ ሽፋን ራሱ መርዝ ስለሆነ፣ ሲባዛም ሲሞትም ሽፋኑ እየተፈረከሰ መርዙ ይለቀቃል፤ ከግት አልፎም መላ ሰውነትን ያናውጣል። ማታ በልታ የተኛች ላም ጠዋት ጆሮዋ ቀዝቅዞ፣ ዓይኗ ሰርጉዶ፣ መነሳት አቅቷት ትገኛለች። ከጡቷ የሚወጣው ቀጭን፣ ቢጫ ውሃ ነው፤ ወተት የሚባል ነገር የለበትም። በተለይ በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመከላከል አቅሟ ስለሚቀንስ በአንድ ሁለት ቀን ልትሞት ትችላለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ይህ ነው የሚገርመው፣ ያው ኮላይ ትንሽ እብጠት አድርጎ ላሟ ራሷ ታስወጣዋለች፤ እኛም ያዳናት መድኃኒታችን ነው እንላለን።

ሌሎቹን ጨረፍ አድርጌ ልለፍ። ስትሬፕቶኮከስ ዩበሪስ የገለባ ጉዝጓዝ ወዳጅ ነው። ማይኮፕላዝማ የሕዋስ ግድግዳ የሌለው ጉደኛ ፍጥረት ነው፤ ፔኒሲሊን የሚሠራው ግድግዳ እንዳይገነባ በማድረግ ስለሆነ ግድግዳ የሌለውን ምን ያደርገዋል? እርሾም አለ። ፕሮቶቴካ የሚባል፣ አረንጓዴነቱን ያጣ የአልጌ ዘመድ እንኳ አለ፤ ለእሱ መድኃኒት አልተገኘም። በአልጌ የታመመ ጡት እንዳለ ስማር ፈተና ለማክበድ የተፈጠረ መስሎኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ግቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን። ብዙ ሰው ወተቱን የሚያበላሸው ተሕዋሱ ብቻ ይመስለዋል። ከሚታየው ጉዳት ትልቁን ድርሻ የሚያደርሰው የላሟ የራሷ ጦር ነው። በግት ውስጥ ጥቂት ጠባቂ ሕዋሳት ዘወትር ይኖራሉ። እንግዳውን ሲያገኙ በኬሚካል ጩኸት ያሰማሉ። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸው ይላላል፣ ነጭ የደም ሕዋሳት በሚሊዮን እየጎረፉ ወደ ወተቱ ይገባሉ። ሙቀቱ፣ ቅላቱ፣ እብጠቱ፣ ሕመሙ ሁሉ የዚህ ዘመቻ ምልክት ነው። ብግነት የምንለው ይህንን ነው።

ወተት ግን ለጦርነት መጥፎ ሜዳ ነው። ነጭ ሕዋሱ ባክቴሪያ ሊውጥ መጥቶ የቅቤውን ጠብታ ይውጣል፤ ሆዱ በቅቤ ይሞላና ለጠላት ቦታ ያጣል። ስለዚህ ብዙ ሕዋስ መዝመት አለበት። ሲሞቱም ለባክቴሪያ ያዘጋጁት አቃጣይ ነገር ይፈስሳል፤ ወተት ሠሪዎቹን ሕዋሳት ያቃጥላል። በላላው ግድግዳ ከደም ጨው ወደ ወተት ያልፋል፤ የወተቱ ስኳር ደግሞ ይቀንሳል። እናቶቻችን «ወተቷ ጨው ጨው ይላል» የሚሉት በጣት ቀምሰው የደረሱበት ትክክለኛ ምርመራ ነው። አይብ የሚሆነው ፕሮቲን በኤንዛይም ስለሚቆራረጥ ወተቱ እንደ ወትሮው አይረጋም፣ አይቡም ያንሳል። በሳህኔ ላይ ያየሁት ፍርፋሪ የሞቱ ሕዋሳትና የረጋ ፕሮቲን ነበር።

እስካሁን የነገርኳችሁ የሚታየውን ነው። የሚታየው ግን ትንሹ ነው። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ ያሳዩት፣ ስውሩ የጡት በሽታ ከሚታየው እጅግ እንደሚበልጥ ነው። ግቷ አላበጠም፣ ወተቱ ነጭ ነው፣ ላሟ ትበላለች፤ ውስጡ ግን ጦርነት አለ። በጤነኛ ክፍል ወተት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ያሉት የሰውነት ሕዋሳት ከ100,000 በታች ናቸው። ከ200,000 ካለፉ ተሕዋስ ገብቷል ብለን እንጠረጥራለን። የአውሮፓ ኅብረት ለወተት የሚፈቅደው ጣሪያ 400,000፣ የአሜሪካ 750,000 ነው። እኛ ዘንድ ገበሬው ወተቱን የሚያስረክበው በሊትር ነው፤ በሕዋስ ቆጥሮ የሚከፍለው የለም። በየቀኑ ግማሽ ሊትር የምታጎድል ላም «ዘንድሮ ወተቷ ቀነሰ» ተብላ ትታለፋለች። ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰውዬ ቢያንስ ወተቷን እንደማያይ ያውቅ ነበር።

ይህን ስውር ነገር የሚያሳይ መላ በ1957 በካሊፎርኒያ ሻልምና ኖርላንደር የተባሉ ባለሙያዎች አወጡ። አራት ጎድጓዳ ባለው ገበታ ላይ ከየጡቱ ትንሽ ወተት፣ በላዩ ሳሙና መሰል ፈሳሽ። ሳሙናው የነጭ ሕዋሳቱን ሽፋን ያሟሟል፣ ውስጣቸው ያለው ዲኤንኤ ይፈስሳል፣ ተሳስሮም ይዝለገለጋል። ጤነኛው ወተት ውሃ ሆኖ ይቀራል። የታመመው እንደ እንቁላል ነጩ ይጓተታል። በፓኪስታን ደግሞ በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና በጥብጠው ያንኑ ምርመራ ሠርተዋል፤ ሦስት በመቶ ያህል በውሃ የተበጠበጠ ሳሙና ይበቃል። ኦሞ የሌለበት ቤት ስለሌለ ይህን ልብ በሉልኝ። የተሞከረበት ወተት ግን ይደፋል፤ ውሻም እንዳይጠጣው።

ወደ እማማ ግቢ እንመለስ። ቡሬን ካከምኩ በኋላ በማግስቱ ሲያልቡ ልይ ብዬ እዚያው ቆየሁ። እጃቸውን ታጠቡ፤ በጣም ንጹሕ ሴት ናቸው። በአንድ እራፊ ጨርቅ የቡሬን ግት አበሱ። ጨርቁን ጨመቁ። በዚያው ጨርቅ የሁለተኛዋን አበሱ። እንዲያንሸራትት ጣታቸውን ቅቤ ካለበት ጣሳ ነክረው ጡቱን ቀቡ፤ ያንኑ ጣት መልሰው ጣሳው ውስጥ ከተቱ። የመጀመሪያውን ጭረት መሬት ላይ ረጩት፤ ላሟ ማታ የምትተኛበት ላይ። ወተቱ የተቀበለው ዕቃ በወይራ የታጠነ፣ ሽታው ልብ የሚሰርቅ ነበር። ወይራ ለዕቃው ጥሩ ነው፤ ወተት ያቆያል። ጡቱ ጋ ግን አይደርስም።

ያ ጨርቅና ያ ጣሳ ስታፍን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያመላልሱ ነበር። ለእያንዳንዷ ላም የራሷ ጨርቅ፣ ታጥቦ ተቀቅሎ የደረቀ፤ ቅቤው ይቅር፤ ጡቱ ደርቆ ይታለብ፤ በጥፍር ሳይሆን በመላ መዳፍ። መጀመሪያ ጤነኞቹ፣ መጨረሻ የታመመችው። የምክሬ ጭብጥ ይኸው ነበር፤ ብር አያስወጣም።

አንድ ነገር ግን ትንሽ ብር ያስወጣል። በእንግሊዝ አገር ሬዲንግ አጠገብ በነበረው የወተት ምርምር ተቋም ኒቭና ዶድ የተባሉ ተመራማሪዎች ባልደረቦቻቸውን ይዘው በ1960ዎቹ በብዙ እርሻዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ላሟ ታልባ እንዳበቃች ጡቶቿን በፀረ-ተሕዋስ ፈሳሽ መንከር አዲስ የሚገባውን በሽታ ወደ ግማሽ እንደሚያወርደው አሳዩ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ለጡት ተብሎ የተዘጋጀ የአዮዲን ፈሳሽ ነው። በሩ ገና ክፍት ሳለ ጠባቂ ማቆም ማለት ነው። ከዚያ ጋር የሚነጥፉትን ላሞች ማከም፣ የታመመውን በጊዜ ማከም፣ የማይድነውን ማስወጣት፣ ማሽኑን መጠበቅ ሲጨመር በዚያ አገር የኖካር ተሕዋስ ብርቅ እስከመሆን ደረሰ። የእበቱ ወገን ግን በዚህ አልተበገረም። ለእሱ መድኃኒቱ አካፋና ደረቅ ጉዝጓዝ ነው።

ስለ መድኃኒት ሳልናገር ብሄድ ታዝኑብኛላችሁ። ፔኒሲሊን ከ1940ዎቹ ጀምሮ ለላም ጡት ውሏል፤ የኖካርን ተሕዋስ ዛሬም ያጠፋል። ነገር ግን ብዙው ስታፍ ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኤንዛይም አበጅቷል። የትኛው ተሕዋስ እንደገባ ሳይታወቅ ከመደርደሪያ የተነሳ መድኃኒት መክተት በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው።

እኔም ወርውሬያለሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ የአንዲትን ላም ጡት በችኮላ ጫፉን በአልኮል ሳልጠርግ መድኃኒት ከተትኩበት። በሦስተኛው ቀን ብሶ ጠበቀኝ። ደገምኩ። ባሰ። ናሙናው ሲመረመር የወጣው እርሾ ነበር። በቆሸሸው ጫፍ በኩል ራሴ ነበርኩ ያስገባሁት፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ እርሾን አይነካም። ያን በር አንድ ሳንቲ ሜትር ሙሉ ሰብሬ የገባሁት እኔ፣ ሐኪሙ ነኝ። ላሟ በዚያ ጡት ዳግመኛ አልታለበችም። ባለቤቱ አልወቀሰኝም፤ ምን እንዳደረግኩ አልነገርኩትም ነበርና።

ማኪያቶ ጠጪዎች፣ አሁን ተራው የእናንተ ነው። ላም በአንቲባዮቲክ ስትታከም መድኃኒቱ በወተት ይወጣል። ስለዚህ መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልቅ ወተቷ አይሸጥም፣ አይጠጣም። ማፍላት በዚህ አይረዳም፤ መድኃኒቱ በእሳት ሙልጭ ብሎ አይጠፋም። የስታፍ አንዱ መርዝም እንዲሁ ነው። ወተት ሳይፈላ ሞቃት ቦታ ከዋለ ባክቴሪያው ይራባና መርዙን ያኖራል፤ ኋላ ቢፈላ ባክቴሪያው ይሞታል፣ መርዙ ይቀራል፣ ትውከቱም ይመጣል። ማፍላት ግድ ነው፤ ግን ቶሎ።

ለምን ዛሬ ይህ በሽታ በዛ ትሉኝ ይሆናል። የአገራችን ላም በቀን አንድ ተኩል ሁለት ሊትር ለጥጃዋም ለቤቱም የምትሰጥ፣ ጥጃዋ አፉን ካላስገባ የማትታለብ፣ ግቷ ትንሽ፣ ጡቷ አጭር ናት። በ1947 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት ሦስት መቶ የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ላሞችን ለኢትዮጵያ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በቢሾፍቱ፣ በሆለታ፣ በሰላሌ የተስፋፉት ክልሶች ወተታቸው ብዙ፣ ግታቸው ትልቅና ወደ መሬት የቀረበ ነው። የጡት በሽታም ከአገሬዎቹ ይበልጥ እንደሚያጠቃቸው የአገራችን ጥናቶች ያሳያሉ። ላሟን ቀየርን፤ በረቱን፣ ጨርቁንና እጁን ግን እንደነበረ ተውነው።

የቡሬ ጡት ዳነ ብዬ ብዋሻችሁ ደስ ባላችሁ ነበር። ደረቀ። በሦስት ጡት ሁለት ጥጃ ወልዳ አሳድጋለች። ሁለተኛዋ ላም ግን በኦሞው ስትመረመር በግራ የፊት ጡቷ ተጓተተች። ቀን ሳያልፍባት ታከመች፣ አራቱም አሉ። እማማ አሁን ቡሬን የሚያልቡት መጨረሻ ነው፤ ጥቁሩን ሳህን ከእኔ ወስደው አልመለሱም፤ ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ሌላ ነው።

ላም ያላችሁ፣ ነገ ጠዋት ከማለባችሁ በፊት ከየጡቱ ሁለት ሁለት ጭረት በጥቁር ነገር ላይ እዩልኝ፤ መሬት ላይ አትርጩት። ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከአንዲት የታመመች ላምና ከአንዲት ጤነኛ ዛሬ ጠዋት የታለበ ወተትም አምጥቻለሁ። ኑ፣ ቅረቡና በዓይናችሁ እዩት።